ባለ 3 ፔኒ የሁያ ቴምብር፦ የትኛው ኅትመት እንደሆነ በምን ይለያል?

ሰናይት፦
ጤና ይስጥልኝ። ሁያ የተባለችው ወፍ ያለችበት የኒውዚላንድ ባለ 3 ፔኒ ቴምብር ሁለት አለኝ፤ ሁለቱም ቡናማ ናቸው። አንዱ በመጠን ትንሽ ያንሳል፤ ትልቁ ደግሞ ከቁራጭ ፖስታ ላይ ገና አልተላቀቀም። የቴምብር ካታሎጉ (ቴምብሮችን በዓመትና በዓይነት የሚዘረዝረው መጽሐፍ) ከ1898 እስከ 1908 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ብዙ ኅትመት ይዘረዝራል። “ቢጫማ ቡናማ”ና “ቡናማ” የሚለው ግራ አጋባኝ። ከየት ልጀምር?

ጥርስ ቆጣሪ፦
ሰናይት፣ ቀለሙን ለጊዜው ተይው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቡናማ ቀለም ፀሐይና እርጥበት ይለውጡታል፤ ልምድ ያለውም ይሳሳትበታል። የሚያዋጣው መጠኑን፣ የጠርዙን ጥርስ (የቀዳዳዎቹን ብዛት)ና የውሃ ምልክቱን (ወረቀቱ ሲሠራ ውስጡ የሚቀረውን ስውር ምልክት) ማየት ነው።

የመጀመሪያው በኤፕሪል 1898 የወጣው፣ ለንደን ውስጥ ዋተርሎው ኤንድ ሰንስ ያተመው ነው፤ የውሃ ምልክት የለውም፣ ጥርሱም ከ12 እስከ 16 ይለያያል። ከ1899 ጀምሮ ዌሊንግተን በሚገኘው የመንግሥት ማተሚያ ቤት ታተመ፤ ጥርሱ 11 ሆነ፣ ወረቀቱ ግን አሁንም ምልክት አልነበረውም። በ1902 ኤንና ዜድ ፊደላትና ኮከብ ያለበት ወረቀት መጣ፤ በዚህ ላይ የታተመው ጥርሱ 11 ወይም 14 ነው። በ1907 ደግሞ ሥዕሉ እንደገና ተሠርቶ አነስ አለ።

ጥርስ የሚለካው በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎች በመቁጠር ነው። ላይኛውን ጠርዝና ጎኑን ለየብቻ ለኪ፤ ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ፣ “14 በ15” የሚባለው ለዚህ ነው።

ወረንጦ፦
የተጣበቀውን በጣት እንዳትላጪው! ጀርባው ይሳሳል፣ ከሳሳ ደግሞ የውሃ ምልክቱን ማንበብ አይቻልም። የፖስታውን ትርፍ ወረቀት በመቀስ ቀንሺና ፊቱን ወደ ታች አድርገሽ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አንሳፊው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቂ ነው፤ ራሱ ይንሸራተታል። ካልተንሸራተተ ጨምሪለት እንጂ አትጎትቺው። የቀረውን ሙጫ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂ፤ ካልወጣ ሲደርቅ ከመጣጩ ወረቀት ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በሁለት መጣጭ ወረቀት መሀል አድርገሽ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበት፣ አለበለዚያ ይጠቀለላል። ቁራጩ ላይ ያለው ማኅተም ሙሉ ከሆነና ቀኑ የሚነበብ ከሆነ ግን ባታነሺው እመርጣለሁ።

ለውሃ ምልክቱ የደረቀውን ቴምብር ጥቁር ሳህን ላይ ገልብጠሽ ሁለት ሦስት ጠብታ የላይተር ቤንዚን ጣይበት። ምልክቱ ለጥቂት ሰከንድ ጠቆር ብሎ ይወጣል። መስኮት ክፈቺ፣ እሳት አይቅረብ።

የላባ ወዳጅ፦
ስለ ወፏ ትንሽ ልጨምር። ሁያ የኒውዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት ብቻ ወፍ ነበረች። የወንዱ ምንቃር አጭርና ጠንካራ፣ የሴቷ ረጅምና ቆልመም ያለ ነው። ጫፉ ነጭ የሆነው ጥቁር የጅራት ላባዋ የአገሩ ነባር ሕዝብ በሆኑት በማኦሪዎች ዘንድ የክብር ምልክት ነበር። በ1892 በሕግ ብትጠበቅም አደኑ አልቆመም። በ1901 የዮርኩ መስፍን (የእንግሊዝ ንጉሥ ልጅ) ላባዋን ባርኔጣው ላይ ካደረገ በኋላ ገበያው ይባስ ደራ። በባለሙያዎች ተቀባይነት ያገኘው የመጨረሻ ዕይታ ዲሴምበር 28 ቀን 1907 ነው። ትንሹ ቴምብር ማለት እንግዲህ ወፏ በጠፋችበት ዓመት የመጣው ነው። እኔ ከትልቁ ይልቅ እሱን የምፈልገው ለዚህ ነው።

ሰናይት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትንሹ ከላይ 14፣ ከጎን 15 ሆነ፤ ኮከቡም ታየ። ትልቁ ዙሪያውን 11 ነው፤ በቤንዚን ምንም አልታየም።

ጥርስ ቆጣሪ፦
ትንሹ የ1907–08 መሆኑ አያጠራጥርም። ትልቁ የ1899 የዌሊንግተን ኅትመት ይመስላል፤ ግን በ1902ቱ ወረቀት ላይ ምልክቱ አንዳንዴ ጠርዝ ላይ በከፊል ብቻ ያርፋል። ስለዚህ አራቱንም ማዕዘን በአጉሊ መነጽር እያየሽ ቤንዚኑን አንዴ ድገሚው። የኮከብ ጫፍ ወይም የፊደል እግር ካገኘሽ የ1902 ነው። አንዱ ጎን ከሌሎቹ ይልቅ ቀጥ ያለና ቀዳዳዎቹ በጣም ንጹሕ ከሆኑም ተጠራጠሪ፤ ተከርክሞ እንደገና የተበሳ ሊሆን ይችላል።