የማህበራችንን ልጆች ሥራ በ3 ደቂቃ ፊልም እንዴት እናሳየው? (ባሕር ዳር)

የብሎኩ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ የማህበራችን ጸሐፊም ነኝ። ሌላ ሰው እሺ ስላላለ ነው የተመረጥኩት፣ መቼም ታውቁታላችሁ።

ሰሞኑን አንድ ደብዳቤ ደረሰን። የቤት ማህበራት ከሰፈራቸው ወጣቶች ጋር የሚሠሩትን በአጭር ፊልም የሚያሳዩበት ውድድር ነው። ከ3 ደቂቃ መብለጥ የለበትም፣ በስልክም መቅረጽ ይቻላል። የቀረን ሦስት ሳምንት ነው።

የኛ ነገር እንዲህ ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለው ኮሙናል፣ ያ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራው ቤት፣ ለዓመታት የአሮጌ ቆርቆሮና የተጋገረ ሲሚንቶ ማከማቻ ሆኖ ኖሯል። አምና ክረምት 12ኛን የጨረሱ አራት ልጆች መጡና "ቁልፉን ስጡን፣ ልጆች እናስጠናበታለን" አሉ። ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ለነጋዴ እናከራየው፣ ለጥበቃ ደሞዝ ይሆነናል ብሎ ድርቅ አለ። ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ሰጠናቸው። አሁን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማታ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተፈታኞችን ያስጠናሉ። ቅዳሜ ጆተኒ አለ፣ ከጆተኒው የሚገኘው ሳንቲም ለጠመኔና ለአምፖል ይሆናል።

ጭንቀቴ ፊልሙ ነው። ሊቀመንበራችን ንግግር ሊያደርጉ ሱፋቸውን አስተኩሰው ጨርሰዋል። ገንዘብ ያዡ ድሮን ተከራይተን ጣናን ከላይ እናሳይ፣ ከሥር ማሲንቆ ይግባበት ይላል። ልጆቹ ደግሞ "እኛው እንቅረጸው" ብለዋል። እኔ መሃል ላይ ቀርቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የሠራችሁ ካላችሁ በሞቴ ምከሩኝ።

ሰርግ ቀራጩ

እህቴ፣ እንጀራዬ ቀረጻ ነው። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ የተገኘውን ሁሉ። እንዲያው በግልጽ ልንገርሽ።

ድሮኑን እርሺው። ያለ ፈቃድ አይበርም፣ ፈቃዱን ስታሳድዱ ሦስት ሳምንታችሁ ያልቃል። ደግሞስ ጣና ከላይ ሲታይ የናንተን ማህበር ምኑን ይናገራል? ሐይቁን፣ ዘንባባውን፣ ቤዛዊትን፣ አዲሱን የአባይ ድልድይ ሁሉም ሰው ነው ይዞ የሚመጣው። ዳኛው አምስተኛው ፊልም ላይ ሲደርስ ማዛጋት ይጀምራል። የናንተን ኮሙናል ግን ማንም ይዞ አይመጣም።

ሰው የሚሸነፈው በምስል ሳይሆን በድምፅ ነው። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ይታለፋል፣ የሚናገረው ልጅ ካልተሰማ ግን አለቀ። ከሰዓት ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ ማይኩ ላይ እየጮኸ ሥራዬን ስንቴ አበላሽቶብኛል። ውጭ የምትቀርጹ ከሆነ ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ጨርሱ፣ ብርሃኑም ያኔ ነው የሚያምረው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች የሁሉም ዓይን ጉድጓድ መስሎ ይወጣል። ማይክ ከሌላችሁ ሁለተኛ ስልክ ላይ የድምፅ መቅጃውን ክፈቱና የሚናገረው ልጅ ደረት ኪስ ውስጥ ክተቱት። ከመጀመራችሁ በፊት አንዴ አጨብጭቡ፣ ኋላ ድምፁንና ምስሉን የምታገጣጥሙት በዛች ጭብጨባ ነው።

ማታ ኮሙናሉ ውስጥ ስትቀርጹ አምፖሉ ቪዲዮው ላይ ሊያርገበግብ ይችላል። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ስልኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ነው የሚቀርጸው። የስልኩ ካሜራ የሚፈቅድ ከሆነ 25 ፍሬም፣ ሹተሩን (የመክፈቻ ፍጥነቱን) 1/50 ሰከንድ አድርጉት። ስልኩንም አጋድማችሁ ያዙ፣ ቲክቶክ አይደለም። የቀረጻችሁትን በቴሌግራም ስትለዋወጡ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ ይጨምቀውና ጥራቱ ይሞታል።

ዘፈን ከዩቲዩብ አውርዳችሁ እንዳታስገቡ ብቻ። የባለቤትነት ጣጣ አለው። ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ያንጎራጉሩ የለ? እሱን ቅረጹት፣ በቂ ነው።

እትዬ ሽንብጥ

ልጄ፣ ሰርግ ቀራጩ ስለ ዕቃው ጥሩ ነግሮሻል። እኔ ስለ ሰዉ ልንገርሽ፣ ብዙ ዓመት ኮሚቴ ውስጥ ቆይቻለሁና።

እኛም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሠርተን ነበር። ለልጆቹ አዲስ ካናቴራ አለበስናቸውና እምቦጭ ሲነቅሉ እንዲቀረጹ ሐይቅ ዳር ወሰድናቸው። ልብ በይ፣ እምቦጩ የበዛው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳር፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። እኛ የሄድንበት ዳር ያን ቀን የረባ እምቦጭ አልነበረም። ካሜራ ግን መጥቷል፣ ካናቴራ ተገዝቷል፣ ምን ይደረግ? ልጆቹ ያገኙትን አረንጓዴ ነገር ሁሉ መንቀል ጀመሩ። አንድ ታንኳ ላይ የነበሩ አባት ከሩቅ "እናንተ ልጆች፣ ደንገል እኮ ነው የምትነቅሉት! ታንኳዬን በምን ልሥራ?" ብለው ሲጮኹ ቪዲዮው ላይ ገብቷል። ያንን ቆርጠን ጣልነው። አሁን ሳስበው ከቪዲዮው ሁሉ እውነት የነበረው እሱ ብቻ ነው።

እና ያልሠራችሁትን አትቅረጹ። ችግኝ ካልተከላችሁ ለካሜራ ብላችሁ አትትከሉ፣ በሳምንቱ ፍየል ይበላዋል፣ ልጆቹም መዋሸትን ነው የሚማሩት።

ጭቅጭቁን ደግሞ አትደብቁ። ኮሙናሉ የጋራ መጠቀሚያ ነው፤ በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ 370/1995 መሠረት የሁሉም የቤት ባለቤት ነው፣ የኮሚቴው የግል ጓዳ አይደለም። እናከራየው ያሉትም ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ጥበቃው በወሩ መጨረሻ ደሞዙን ይፈልጋል። ያንን ክርክር አንድ ሰው በሁለት ዐረፍተ ነገር ይንገረው። ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚስቅበትን ፊልም ማን ያምናል?

አንድ ነገር አትርሺ። 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ፊታቸው የሚታይ ከሆነ ወላጆቻቸውን አስፈርሚ። በቃል እሺ ብለው ኋላ የሚቆጡ አሉ። የልጁን የፈተና ውጤትም ካሜራ ፊት እንዳትጠይቁት፣ እኛ ግቢ አንዱ አልቅሶብናል።

ቁልፍ ያዥ

እኔ ካስጠኚዎቹ አንዱ ነኝ 😅 ጸሐፊያችን ይሄን እንደጻፈች ጓደኛዬ ነው ያሳየኝ።

እንቅረጸው ያልነው ለጉራ አይደለም። ትልቅ ሰው ካሜራ ይዞ ሲገባ ትንንሾቹ ቀጥ ብለው ተቀምጠው "ማህበራችን ብዙ ነገር አድርጎልናል" ማለት ይጀምራሉ፣ ማንም ሳያስጠናቸው። እኛ ስንይዘው ግን ረስተውን ይጨቃጨቃሉ።

ምን ማሳየት እንዳለብን እኔ አውቃለሁ። መብራት ሲጠፋ። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይጠፋል፣ ያኔ ሦስት ስልክ መብራታቸው በርቶ ጣሪያው ብረት ላይ በላስቲክ ይታሰራል። ሰሌዳው ላይ የኔ እጅ ጥላ ትልቅ ሆኖ ይወድቃል፣ ክፍልፋዩ አይታይም፣ አንዷ የ6ኛ ክፍል ልጅ "ወደ ግራ ዙር" እያለች ታዘኛለች። ሌላው ጆተኒው ነው። ጆተኒው ላይ ካሉት አሻንጉሊት ተጫዋቾች የአንዱ ጭንቅላት ተሰብሯል፣ ማንም በሱ ጎል ካገባ ሁለት ይቆጠርለታል። ይሄ ሕግ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ግን በሕጉ ላይ ድርድር የለም።

ጋሼን ደግሞ አታስቀሯቸው። ንግግሩ ይቅር ነው እንጂ ቁልፉን በእጃቸው የሰጡን እሳቸው ናቸው። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ይታዩ።

ሰርግ ቀራጩ

ይሄ ልጅ የፊልሙን ግማሽ ሠርቶታል። መብራቱ እስኪጠፋ ግን አትጠብቁ፣ ስትፈልጉት አይጠፋም። ሁልጊዜ አንድ ሰው ስልኩን ቻርጅ አድርጎ፣ ሚሞሪው ላይም ባዶ ቦታ ይዞ ይቀመጥ። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ 100 ሜጋባይት አካባቢ ሊበላ ይችላል፣ እና የድሮ ፎቶዎቻችሁን ቀድማችሁ አራግፉ።

የብሎኩ ጸሐፊ

እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬም ዕድሜ ይስጥዎት። የወላጆቹን ፊርማ ትናንት ቤት ለቤት ዞሬ ጨርሻለሁ። ሁለት እናቶች እምቢ ስላሉ ልጆቻቸው ከጀርባ ብቻ ይታያሉ።

ገንዘብ ያዡ ስለ ድሮኑ አኩርፏል። ለኪራይ እናውለው ያለው እሱ ስለነበር ያንን ራሱ ካሜራ ፊት እንዲናገር ስንጠይቀው ግን ደስ አለው፣ "ዛሬም ብሆን አከራየዋለሁ" ብሎ ጀምሮ ሁላችንንም አሳቀን። እንዳለ ይገባል።

ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጋሼ ሱፋቸውን ለብሰው መጡ። በሩ በማታው ዝናብ አብጦ አልከፈት አለ። ቁልፉ ዞሯል፣ በሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ሦስት ጊዜ በትከሻቸው ገፉት፣ አራተኛው ላይ ከነ በሩ ወደ ውስጥ ገቡ፣ የሱፉ ትከሻ በጠመኔ አቧራ ነጭ ሆነ። "ይሄንን ቁረጡት" እያሉ ወጡ። ልጆቹ ግን መጀመሪያ ላይ አድርገውታል፣ እሳቸውም አይተውት እስካሁን ዝም ብለዋል።