የእናቴ ውጤት ላይ «ሜቲሌሽን ፖዘቲቭ» ይላል፤ እኛ ልጆቿ ላይም ይመጣል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶባት በኦፕራሲዮን ወጣላት። የፓቶሎጂ ውጤቱን ሳነበው ኤምኤልኤች1 የሚባለው ፕሮቲን ጠፍቷል፣ የጂኑ ሜቲሌሽን ፖዘቲቭ ነው ይላል። ጎግል ሳደርገው ሊንች ሲንድረም፣ ለካንሰር የሚያጋልጥ በዘር የሚተላለፍ ችግር የሚል መጣብኝና እንቅልፍ አጣሁ። የሐኪም ቀጠሮዋ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። እኔ 38፣ እህቴ 35 ነን። ምን እናድርግ?

መልስ (ላብራቶሪ የምሠራ)፦ እናትህን እግዜር ይማርልህ። ያስደነገጠህ ቃል እንዲያውም ደህናው ዜና ነው። ኤምኤልኤች1 ሴል ሲባዛ ዲኤንኤው ላይ የሚፈጠረውን ስህተት የሚያርም ጂን ነው። ሊንች ያለበት ሰው ከዚህ ዓይነት አራሚ ጂኖች አንዱ ሲወለድ ጀምሮ የተበላሸበት ነው። ሜቲሌሽን ግን የጂኑን ፊደል አይነካም፤ መነሻው ላይ ትንንሽ ኬሚካል ተለጥፎ ጂኑን ይዘጋዋል እንጂ። አብዛኛውን ጊዜ ይሄ በዕድሜ እዛው እጢው ውስጥ የሚመጣ ነው፣ ወደ ልጅ አይሄድም። ቢራፍ ቪ600ኢ (ቢራፍ የሚባል ሌላ ጂን ላይ እጢው ውስጥ የሚመጣ ለውጥ) የሚል ካለ እየው፤ እሱም ፖዘቲቭ ከሆነ ሊንች የመሆኑ ነገር በጣም ይጠባል።

መልስ፦ አንድ ነገር ልጨምር። በጣም አልፎ አልፎ ሜቲሌሽኑ እጢው ላይ ብቻ ሳይሆን ደም ውስጥም ይገኛል፤ ያኔ ወደ ልጅ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ታማሚው ወጣት ከሆነ፣ ወይ ዘመድ ውስጥ የአንጀት ወይም የማህፀን ካንሰር ካለ የጄኔቲክ አማካሪ ማየት ጥሩ ነው። እናንተ ቤት አለ?

ጠያቂው፦ የለም። ቢራፉም ፖዘቲቭ ይላል!

መልስ (ነርስ ነኝ)፦ ተመስገን። ግን ዝም ብላችሁ እንዳትቀመጡ። እዚህ አሜሪካ ሌላው ሰው የትልቁ አንጀት ካንሰር ምርመራ የሚጀምረው በ45 ዓመቱ ነው፤ እናት ወይ አባቱ ይሄ ካንሰር የነበረበት ግን በ40። አንተ ሁለት ዓመት ቀረህ ማለት ነው። ቤት ድረስ በፖስታ የሚላከው የሰገራ ምርመራ፣ ኮሎጋርድ፣ የመጀመሪያው ዓይነቱ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ሜቲሌሽን ነው፣ ኤንዲአርጂ4 እና ቢኤምፒ3 የሚባሉ ጂኖች ላይ። በ2014 (በፈረንጅ) በወጣው ጥናት ከ100 ካንሰር 92 ያህሉን አግኝቷል፤ ወደ ካንሰር ሊያመሩ ከሚችሉት ፖሊፖች (አንጀት ውስጥ የሚበቅሉ ትንንሽ እባጮች) ግን 42 ከመቶ ብቻ። ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) ላይ ፖሊፑ ከታየ እዛው ይወጣል፣ ለዚህ ነው እኔ ለናንተ እሱን የምመርጠው። ደም የሚታይበት ሰገራ ወይ የደም ማነስ ካለ ደግሞ 40 አትጠብቁ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ለእህቴ ልደውልላት።