አዲስ የመጠቁ ሳተላይቶችን የመመልከት ዕቅድ፦ ሐሳባችሁን ጨምሩበት

ሰብሳቢ፦
ጤና ይስጥልን አባላት። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የምናካሂደውን ምልከታ እዚህ እንቅረጸው። መነሻ ሐሳቤ፦ አዲስ የመጠቁ ስታርሊንኮች (የስፔስኤክስ የኢንተርኔት ሳተላይቶች) በላያችን ሲያልፉ ሕዝብ እንጦጦ ጠርተን እናሳይ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የመጀመሪያዎቹ 60 ሲመጥቁ በኔዘርላንድስ ሰማይ ተሰልፈው ታይተው ዓለምን አስገርመዋል።

ከባሕር ዳር፦
ጋሼ፣ ሕዝብ መጥራቱ ይቆየን። ሳተላይት የሚታየን ሰማያችን ጨልሞ እሱ ላይ ግን ፀሐይ ስታበራ ነው። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት፣ አናታችን ላይ ቢሆን እንኳ፣ ፀሐይ በጠለቀች በ70 ደቂቃ አካባቢ የምድር ጥላ ይውጠዋል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ደግሞ ሰማዩ ገና አልጨለመም። የምሽቱ ዕድላችን አርባ ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ፣ እንደ ሰሜን አውሮፓ በጋ ሌሊቱን ሙሉ መጠበቅ አይሠራም። ንጋት ላይም ያው ነው።

የትንበያ ክፍል፦
እስማማለሁ። አዲስ የመጠቀ ሳተላይት በሞተሩ ከፍታ እየጨመረ ስለሚሄድ የትናንቱ የምህዋር መረጃ ዛሬ ያሳስታል። የሳተላይቶችን የምህዋር መረጃ ከሚያወጣው ሴልስትራክ ድረ ገጽ የምናወርደው የዕለቱን ይሁን። ስሕተቱ ግን በአብዛኛው በሰዓቱ ላይ እንጂ በመንገዱ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ ወጥቶ አቅጣጫውን ይዞ መጠበቅ ነው። መረጃው ገና ሳይወጣስ? ከቀደመ ተመሳሳይ በረራ መገመት ይቻላል። ሮኬቱ 40 ደቂቃ ቢዘገይ በምድር ላይ የሚከተለው መስመር ያው ነው፤ የማለፊያው ሰዓት በ40 ደቂቃ ይገፋል። ችግሩ፣ ያ መዘግየት ብቻውን ጥላ ውስጥ ሊከተው ይችላል።

ጸሐፊ፦
ሰዓቱን በምን እንጻፍ? ከምሽቱ 12:30 በስልካችን 18:30፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) 15:30 ነው። ለመዝገብ ዩቲሲ፣ ለጥሪ የሐበሻ ሰዓት ይሁን እላለሁ። አለዚያ ግማሹ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ እንጦጦ ይወጣል!

ከደብረ ብርሃን፦
እኛም ከዚህ እንመዝግብ። አዲስ አበባ ቢደምን እኛ ጋ ሊጠራ ይችላል። ባይኖኩላር የግድ አይደለም፤ ስልክ በማቆሚያ ላይ ሆኖ የካሜራው መዝጊያ ለ10 ሰከንድ ቢከፈት መስመሩ ይወጣል።

ሰብሳቢ፦
ረትታችሁኛል፤ ደስ ብሎኛል። እንግዲህ ረቂቁ፦ መጀመሪያ አባላት ብቻ ከሦስቱ ከተሞች ይመለከታሉ፤ እያንዳንዱ የተተነበየውንና ያየበትን ሰዓት ጎን ለጎን ይመዘግባል፤ ልዩነቱ ከሁለት ደቂቃ በታች ሲሆን ሕዝብ እንጠራለን።

ከባሕር ዳር፦
ሁለት ደቂቃ ይበዛል፤ ሙሉው ማለፊያ እኮ ጥቂት ደቂቃ ነው። አንድ ይሁን።

ሰብሳቢ፦
አንድ ይሁን። የመመዝገቢያ ቅጹን የትንበያ ክፍል እስከ ዓርብ ያውጣልን።