ጂ.አይ. ቢል የኮሌጅ ወጪ እስከ ምን ድረስ ይሸፍናል?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ሙሉ 3 ዓመት በአክቲቭ ዱቲ (በሙሉ ጊዜ ወታደርነት) አገልግሎ በቅርቡ ወጣ። የመንግሥት ኮሌጅ ቢገባ ፖስት 9/11 ጂ.አይ. ቢል (ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጠው የትምህርት ድጋፍ) ምን ምን ይከፍልለታል?

መልስ 1፦ 36 ወር ከሞላ ድጋፉ 100 በመቶ ነው። የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ በሙሉ በቀጥታ ለኮሌጁ ይላካል። ለመጽሐፍ በክሬዲት 41.67 ዶላር፣ በዓመት ቢበዛ 1,000። የቤት አበሉ በካምፓሱ ዚፕ ኮድ ይተመናል፤ የሚገባው ግን ወሩ ካለቀ በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያውን ኪራይ ከኪሱ ያዘጋጅ።

መልስ 2፦ ብዙ ሰው የሚሸወደው ክሬዲት ላይ ነው። ሙሉ ጊዜ 12 ክሬዲት ከሆነ፣ 6 የወሰደ የቤት አበል የለውም፤ 7 የወሰደ 60 በመቶ ያገኛል። የአንዲት ክሬዲት ልዩነት! ሁሉም ኦንላይን ከሆነማ የሚሰጠው የአገሪቱ አማካይ የቤት አበል ግማሽ ነው። አንድ ኮርስ እንኳ ክፍል ገብቶ ይማር።

መልስ 3፦ ቅጽ 22-1990ን በቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ይሙላ። የብቁነት ደብዳቤው ሲደርሰው ኮሌጁ ውስጥ የቪኤ ተማሪዎችን ምዝገባ ለሚያረጋግጠው ሠራተኛ ይስጥ፤ እዚያ ካልተረጋገጠ ሳንቲም አይንቀሳቀስም። በየወሩም መማሩን ራሱ ያረጋግጣል፤ 2 ወር በተከታታይ ከዘለለ አበሉ ይቆማል። መሃል ላይ ኮርስ ከጣለ ዕዳ ሊመጣበት ይችላል። ፋፍሳም (የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ) ይሙላ፣ ፔል ግራንት (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ የማይመለስ ገንዘብ) ከዚህ ጋር አብሮ ይወሰዳል።