ለአራት የጊታር ፔዳሎች የትኛውን የኃይል ምንጭ ልግዛ?

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ በሚገኘው ቤቴ ማታ ማታ የምለማመድበት ኤሌክትሪክ ጊታርና አራት ፔዳሎች (በእግር እየተረገጡ የሚሠሩ ትንንሽ የድምፅ መሣሪያዎች) አሉኝ። ሁሉም በ9 ቮልት የሚሠሩና የመሰኪያቸው መሐል ኔጌቲቭ የሆነ ሲሆን፣ ከሥራቸው በተጻፈው መሠረት ቱነሩ (ክር መቃኛው) 30፣ ዲስቶርሽኑ (ድምፅ አሻካሪው) 10፣ ዲሌዩ (ድምፅ ደጋሚው) 65፣ ሪቨርቡ (የማስተጋባት ድምፅ የሚጨምረው) 95፣ በድምሩ 200 ሚሊአምፔር ይወስዳሉ። እስካሁን የማበራቸው 1 አምፔር በሚሰጥ አንድ አዳፕተርና ባለ አምስት ጫፍ ማከፋፈያ ገመድ ስለሆነ የኃይል እጥረት አለ ብዬ አላምንም።

ችግሩ ጩኸት ነው። ዲስቶርሽኑን ስረግጥ ከአምፕሊፋየሩ እንደ ትንኝ የቀጠነ፣ የጊታሩን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ብዘጋው እንኳ የማይቆም ጩኸት ይወጣል። የጃክ ገመዶቹን ቀየርኩ፣ ሌላ ሶኬት ሞከርኩ፣ ፍሪጁንም ነቀልኩ፤ አንዱም አልረዳም። ዲሌዩንና ሪቨርቡን ከማከፋፈያው ነቅዬ በየራሳቸው ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሳስነሳቸው ግን ጩኸቱ ወዲያው ጠፋ፤ ስለዚህ መንስኤው ሁለቱ ዲጂታል ፔዳሎች ከዲስቶርሽኑ ጋር አንድ መስመር መጋራታቸው ይመስለኛል። በባትሪ መቀጠል አያዋጣም፤ በተለይ የሪቨርቡ ባትሪ በጥቂት ሰዓት ያልቃል።

አሁን ያለኝ ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው መውጫዎቹ እርስ በርሳቸው የተነጠሉና እያንዳንዳቸው 100 ሚሊአምፔር የሚሰጡ የኃይል ሳጥን ሲሆን፣ ዋጋው ከበድ ከማለቱም በላይ ለሪቨርቡ የሚተርፈው 5 ሚሊአምፔር ብቻ መሆኑ ያሳስበኛል። ሁለተኛው ለዲጂታሎቹ ብቻ የሚሆን ሌላ ተራ አዳፕተር ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ታዝዞ ስለሚመጣልኝ ተሳስቼ ብገዛ መመለሱ ቀላል አይሆንም። በዚህ ሁኔታ ሁለተኛ አዳፕተር መጨመሩ ጩኸቱን ለማጥፋት ይበቃል ወይስ የተነጠለውን ሳጥን መግዛት ይኖርብኛል?