ባህር ዳርን ትቶ ደብረ ብርሃን መግባት ያዋጣል?

ጠያቂው (ሽምብጥ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው፣ ተከራከሩበት። ተወልጄ ያደግኩት ባህር ዳር ነው፣ ስራዬ የፋብሪካ ማሽን ጥገና። አሁን ደብረ ብርሃን ካለ አንድ ፋብሪካ ስራ አግኝቻለሁ። ደሞዙ እዚህ የማገኘውን አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፣ ትንሹ ገና አንደኛ ክፍል ነው። ሚስቴ ሐይቁ ዳር አሳ ትጠብሳለች። እሷ ዝም ብላኛለች፣ የኔ ልብ ግን ሄዷል። ምን ትላላችሁ?

ባለ ሳይክሉ
ኧረ ምኑ ይጠየቃል! አትሂድ። ጠዋት በሳይክል ስራ ትገባለህ፣ ማታ በሐይቁ ዳር አድርገህ ትመለሳለህ። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ዳገት የሚባል ነገር የለም። ደብረ ብርሃን ሄደህ በጋቢ ተጠቅልለህ ፀሐይ እስኪወጣ በር ላይ ስትቆም ከወዲሁ እየታየኝ ነው 😂

ደጋው
እኔ ከባህር ዳር መጥቼ እዚህ ደብረ ብርሃን አራት ዓመቴ ነው፣ ስለዚህ በወሬ አላወራም። ብርዱ እውነት ነው። ከባህር ዳር በ1,000 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ሳሩ ሁሉ ውርጭ ለብሶ ነው የሚነጋው። ግን ወንድሜ በሙያህ አስበው። እዚህ የድሮው ብርድ ልብስ ፋብሪካ አለ፣ ሁለት ቢራ ፋብሪካ አለ፣ ከዚያ በኋላ የመጡትንማ ተዋቸው። ከአንዱ ጋር ካልተስማማህ ሌላው በር ላይ ታመለክታለህ። ደግሞ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ባህር ዳር ሳለሁ አንድ ኩሽኔታ ከመርካቶ እስኪመጣ ማሽን ሳምንት ቆሞብኝ ያውቃል፣ አለቃ ደግሞ የሚቆጣው እኔን ነው። እዚህ ጠዋት ደውዬ ከሰዓት በኋላ እጄ ይገባል።

የዘጌዋ
ኩሽኔታውስ ይሁን፣ ማሞቂያውስ? እህቴ እዚያው ተድራ ሄዳ ነበር። ባቄላ ስትቀቅል ከሰሉ ያልቃል ባቄላው አይበስልም ትለኝ ነበር። ምጣድ አጥፍታ ይሆናል ብዬ ስቄባታለሁ።

መምህሩ
እህትሽ አልተሳሳተችም። ቦታው ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል፣ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ባህር ዳር ላይ ወደ 94 ዲግሪ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 90 ገደማ ነው። ውሃው እየተንተከተከ ባቄላው ጥሬ የሚሆነው ለዚያ ነው። ፕሬሸር ድስት ይዘህ ሂድ፣ የወር የከሰል ወጪህን ይቀንስልሃል።

ደጋው
ይሄን ማን ነገረኝ! አራት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን በከሰሉ ላይ ስጥል ነበር። የወባውን ነገር ደግሞ ማንም አላነሳም። ባህር ዳር ሳለን ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት በገባ ቁጥር ከልጆቼ አንዱ ይተኛ ነበር። እዚህ አጎበር የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ ረስቻለሁ።

ባለ ሳይክሉ
ወባው ቀርቶ ሳልና ጉንፋን ነዋ!

ደጋው
ጉንፋን ትኩስ በሶ ይሽረዋል። ወባ ይሽረዋል?

መምህሩ
እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለምንድነው ሰው ሁሉ ስራ ፍለጋ ከዚህ የሚወጣው? ባህር ዳርኮ የፋብሪካ ከተማ ሆና ነው ያደገችው። ጨርቃ ጨርቁ በ1950ዎቹ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተቋቋመ፣ ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት እርዳታ ተከፈተ። እንደ አንተ ያለው ባለሙያ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። በ2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝም አዲስ የአባይ ድልድይ ተመርቆልናል፣ እሰየው፣ ግን ባለሙያው ተሻግሮበት የሚሄድ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? እዚህም ፋብሪካ ይምጣልን።

የዘጌዋ
መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝና ፍሳሹ የት ሊገባ ነው? ጣና አይደል? በ2003 ዓ.ም. አካባቢ እምቦጭ ሲታይ ሰው ሁሉ እንደ ተራ አረም ነው ያየው። አሁን በሰሜንና በምስራቁ ዳር ያሉ አሳ አስጋሪዎች መረባቸውን ከእምቦጭ ጋር ይታገሉበታል። ይሄ አረም የሚደልበው ወደ ሐይቁ በሚገባ ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው። ደብረ ብርሃን አጠገቧ እንደ ጣና ያለ ሐይቅ የላትም። እኛ ግን ከሐይቁ ነው የምንበላው።

መምህሩ
ፍሳሽ የሚያጣራ ፋብሪካ ማቋቋም ይቻላልኮ።

የዘጌዋ
ይቻላል መባሉን ከሰማን ቆየን።

አባይ ማዶ
ልጆቼ ሁላችሁንም አነበብኩ። ስለ ብርድ ተከራከራችሁ፣ ስለ ባቄላ ተከራከራችሁ። የሚስቱን ገቢ የቆጠረ ግን አንድም ሰው የለም። ራሱም አልቆጠረውም! አንድ ተኩል እጥፍ የሚለው የራሱን ደሞዝ ብቻ ነው። እኔ አሳ ሸጬ ነው ልጆቼን ያሳደግኩ። ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ማለዳ በዱቤ የሚሰጣት አስጋሪ አለ፣ ሰርክ የሚመጣ ደንበኛ አለ፣ እቁብ አለ። ይሄ በአንድ ዓመት አይሰራም። ደብረ ብርሃን ላይ የትኛውን አሳ ልትጠብስ ነው? ጾም ሲገባ ደግሞ ገበያው ሌላ ነው። አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለካህናቱ ልተወውና፣ የሚበላው ሰው ብዙ ነው።

ደጋው
እትዬ ልክ ነዎት፣ ይሄን አላሰብኩትም። ግን እዚህም በፋብሪካው በር የሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ትኩስ ነገር የሚፈልግ ሰራተኛ ብዙ ነው። ሽሮም እንቁላልም ብትሰራ ታተርፋለች።

አባይ ማዶ
ታተርፍ ይሆናል። ግን ከዜሮ ነው የምትጀምረው፣ እሱ ግን ከአንድ ተኩል ነው የሚጀምረው። ልዩነቱ ይሄ ነው። ሌላው ለቅሶ ነው። በአዲስ አበባ ዞሮ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ነው፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ሲዘጋ ታውቃላችሁ። በአውሮፕላን እስከ አዲስ አበባ ቅርብ ነው፣ ግን ስንቱ ነው አራት ትኬት የሚገዛው?

ባለ ሳይክሉ
እትዬ ይኑሩልኝ! ክርክሩ አለቀ።

ጠያቂው (ሽምብጥ)
አላለቀም። እትዬ የጻፉትን ትናንት ማታ ለሚስቴ አነበብኩላት። ተነሳችና ከአልጋ ስር የልጁን አሮጌ ደብተር አወጣች። ሶስት ዓመት ሙሉ የገባውንና የወጣውን ጽፋበታለች፣ እኔ የማላውቀው ደብተር። በአብይ ጾም ሁለት ወር ያገኘችው አዲሱን የሁለት ወር ደሞዜን ይበልጣል። በሌላው ጊዜ ያንሳል፣ በክረምትማ በጣም ያንሳል። አፍሬ ዝም አልኩ። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? አለችኝ።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ለስድስት ወር ብቻዬን እሄዳለሁ። እሷና ልጆቹ እዚሁ ይቆያሉ፣ ትንሹም ክፍሉን ይጨርስ። በመሀል በክረምት ገበያዋ ሲቀዘቅዝ መጥታ የፋብሪካውን በር በአይኗ ታያለች። ከዚያ በኋላ የምትወስነው እሷ ናት። ሰኞ ደውዬ እሺ እላቸዋለሁ።

ደጋው፣ እስከዚያ የሚከራይ አንድ ክፍል ካየህ ንገረኝ። ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ይሁን።

ደጋው
እፈልግልሃለሁ። ጋቢ ግን ሁለት ያዝ።

ባለ ሳይክሉ
ከሄድክማ... ሳይክልህን ስንት ትላለህ?