ለአሮጌ ቴሌቪዥን የሚሆን የጌም ኮምፒውተር ለመሥራት ገንዘቤን በየትኛው ዕቃ ላይ ላውል?

ጥያቄ፤ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ክረምት በገባ ቁጥር የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል፣ ልጆችም ከቤት መውጣት ያቅታቸዋል፤ ስለዚህ ለሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼ የድሮ ጌሞችን የሚያጫውት ትንሽ ኮምፒውተር በገዛ እጄ ለመሥራት ተነሥቻለሁ። የምፈልጋቸው እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን ለገበያ ከቀረበው ፋሚኮም ከተባለው የጌም ማሽን አንሥቶ በ1994 እስከ ወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ድረስ ያሉትን ነው። ቤታችን ያለው ባለ 21 ኢንች፣ ጀርባው የወጣ የድሮ ቴሌቪዥን ሲሆን ኤችዲኤምአይ የለውም፤ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ የኤቪ ቀዳዳ ብቻ አለው። አባታችን የገዛው በመሆኑ፣ ምስሉም እስከ ዛሬ ጥርት ያለ በመሆኑ ልቀይረው አልፈልግም።

ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያመጣልኝ ሰው ራዝበሪ ፓይ የሚባለውን ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ማለትም ፓይ 5፣ ፓይ 4 ወይም ያገለገለ ፓይ 3 ማግኘት እንደሚችል ነግሮኛል። ስለ ሦስቱም ብዙ አነበብኩ፤ ነገር ግን የማነበው ሁሉ መብራት የማይጠፋበት አገር ለሚኖር ሰው የተጻፈ ሆኖ አገኘሁት። ገንዘቤ ውስን ነው። ጥሩ ቦርድ ገዝቼ ቻርጀሩንና ጆይስቲኩን በርካሽ ላግኝ ወይስ በተቃራኒው ላድርግ?

መልስ፤ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ አብሽር፤ ለእርስዎ ምርጫው ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው። ራዝበሪ ፓይ 5ን ይተዉት። ቦርዱ ደካማ ሆኖ ሳይሆን፣ ቀድሞ የነበረው የ3.5 ሚሊሜትር የድምፅና የምስል መውጫ ስለተነሣበት ከእርስዎ ቴሌቪዥን ጋር ለማገናኘት ቦርዱ ላይ ሽቦ መበየድ ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ ባለ 5 ቮልት 5 አምፒር ቻርጀር ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ደግሞ በእኛ ገበያ በቀላሉ አይገኝም። ለዘረዘሯቸው ጌሞች ፓይ 3 ይበቃል። ፓይ 4ን የምመክረው ወደፊት ኒንቴንዶ 64ንም መጫወት ካሰቡ ብቻ ነው፤ ፓይ 3 በእርሱ ላይ ይንገዳገዳል። ፓይ 4 ከመረጡ የቲቪ መውጫው ሲመጣ ዝግ ስለሆነ በማስተካከያ ፋይሉ ላይ እርስዎ መክፈት እንዳለብዎ ይወቁ፤ ፓይ 3 ግን ኤችዲኤምአይ ካልተሰካበት ራሱ ወደ ኤቪ ይዞራል።

ገንዘብዎን ከሁሉ በፊት በቻርጀሩ ላይ ያውሉት። እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ ከቤት ያገኘሁትን የስልክ ቻርጀር ሰካሁ። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ጌሙም ተከፈተ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ድምፁ መሰነጣጠቅ፣ መኪናዎቹም መንቀርፈፍ ጀመሩ፤ በስክሪኑ ጥግ ላይም ትንሽ የመብረቅ ምልክት ብልጭ ትል ነበር። ያቺ ምልክት ወደ ቦርዱ የሚገባው ኤሌክትሪክ ከ4.63 ቮልት በታች መውረዱን የምትናገር ናት። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ጥፋቱን በፕሮግራሙ ላይ ስፈልግ ከረምኩ። ቻርጀሩ 5 ቮልት ይላል፤ ቀጭንና ረጅም የሆነው ገመድ ግን ከመንገዱ ላይ ይበላዋል። ስለዚህ ለፓይ 3 2.5 አምፒር፣ ለፓይ 4 3 አምፒር በእርግጥ የሚሰጥ፣ ገመዱ አጭርና ወፍራም የሆነ ቻርጀር ይፈልጉ።

ስለ ሙቀት ደሴ ከእኛ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም ፓይ 4 80 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱን ራሱ ስለሚቀንስ፣ ማቀዝቀዣ አሉሚኒየም ሳይለጥፉ በሣጥን ውስጥ አይዝጉት።

መልስ፤ ከደሴ፣ ቴሌቪዥን ጠጋኝ

ልጄ፣ የአባትህን ቴሌቪዥን አለመጣልህ ደስ አሰኝቶኛል። እነዚያ ጌሞች የተሠሩት ለእንዲህ ያለው ስክሪን ነው፤ ቁልፉን ስትጫንና ምስሉ ሲንቀሳቀስ መዘግየት የለበትም። ኤችዲኤምአይን ወደ ኤቪ የሚለውጡትን ትንንሽ ሣጥኖች ግን ሌላ መንገድ ካለህ አትግዛ፤ ምስሉን ያደበዝዙታል፣ ብዙዎቹም ያዘገዩታል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በገመዱ ነው። የፓይ የ3.5 ሚሊሜትር መሰኪያ አራት ክፍል አለው፤ ከጫፉ ስትቆጥር የመጀመሪያው የግራ ድምፅ፣ ሁለተኛው የቀኝ ድምፅ፣ ሦስተኛው ግራውንድ (የጋራ መመለሻው)፣ ሥሩ ላይ ያለው አራተኛው ደግሞ ምስል ነው። ገበያ ላይ የምታገኘው ገመድ በዓይን ሲታይ ፍጹም ተመሳሳይ ሆኖ ግራውንዱ ሥሩ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ያ ገመድ ሦስቱን ቀለሞች ምንም ብታቀያይር አይሠራልህም። ከመክፈልህ በፊት ቴስተርህን በጩኸቱ ላይ አድርግ፤ አንዱን እግር በቢጫው መሰኪያ ውጫዊ ብረት ላይ አሳርፍ፣ ሌላውን ከጫፉ ጀምረህ በአራቱ ክፍሎች ላይ በየተራ አስነካ። ሦስተኛው ላይ ከጮኸ ግዛው። ግራውንዱ ቦታውን ከያዘ፣ ምስሉ በቢጫው ፈንታ በቀዩ ቢወጣ እንኳ ቦታ መለዋወጥ ብቻ ነው።

ሌላው የቀለም ነገር ነው። ኤንቲኤስሲና ፓል ምስልና ቀለም ወደ ቴሌቪዥን የሚላክባቸው ሁለት ሥርዓቶች ናቸው። መጀመሪያ በኤንቲኤስሲ ሞክረው፤ የጃፓኖቹ ጌሞች በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚታደሱ የሚስማማቸው እርሱ ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ ቴሌቪዥኑ የሚያውቀው ፓል ብቻ ነውና ወደዚያ መልሰው፤ ፓል በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚታደስ እንቅስቃሴው ትንሽ ይቆራረጥብሃል እንጂ ቀለሙ ይመለሳል። ምንም ቢሆን ግን የቴሌቪዥኑን ጀርባ ራስህ አትክፈት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቱቦው ውስጥ አደገኛ ቮልት ይቀራል።

መልስ፤ ከወልዲያ

ከላይ የተሰጡት ምክሮች ትክክል ናቸው፤ እኔ ግን ስለ መብራቱ በቂ አልተባለም እላለሁ። መብራት ድንገት ሲሄድ ሜሞሪ ካርዱ በመጻፍ ላይ ከነበረ ፋይሉ ይበላሻል፤ በእኔ ቤት በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ደርሶብኛል። ልጄ ለወራት የደረሰበትን ደረጃ ሁሉ አጥቶ ሲያለቅስ ካየሁ በኋላ ፓዩን ትቼ ስክሪኑ የተሰበረ፣ ባትሪው ግን የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ገዛሁ። ባቶሴራ የሚባለውን የድሮ ጌሞች ማጫወቻ ሥርዓት በፍላሽ ላይ ጫንኩና ከፍላሹ አስነሣዋለሁ። መብራት ሲሄድ ባትሪው ይይዘዋል፣ እኛም ተረጋግተን እንዘጋዋለን። ላፕቶፕ የኤቪ መውጫ ስለሌለው ለእርስዎ ቴሌቪዥን እንደማይመች አውቃለሁ፤ አዲስ ቴሌቪዥን ላለው አንባቢ ግን ከዚህ የሚሻል መንገድ አላየሁም።

በፓይ ከጸኑ፣ የተቀመጡትን ደረጃዎች በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ፤ የተስተካከለውን ካርድም ሙሉ ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር ያስቀምጡ። በፓወር ባንክ አሠራዋለሁ ካሉ ደግሞ፣ ብዙዎቹ ከመብራት ወደ ባትሪ ሲሻገሩ ለቅጽበት ስለሚያቋርጡ አስቀድመው ነቅለው ይፈትኑት። ትልቅ ካርድ አያስፈልግዎትም። የሱፐር ፋሚኮም ትልቁ ጌም 6 ሜጋባይት ነው፤ የፕሌይስቴሽን አንድ ሲዲም ከ700 ሜጋባይት አይበልጥም። እውነተኛ የሆነ ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ፣ 128 ተብሎ ከተጻፈበት ሐሰተኛ ይበልጣል።

መልስ፤ ከሐይቅ

እኔ የማክለው ስለ ጆይስቲክ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ልጆቹ በየቀኑ የሚነኩት እርሱን ነው። ባለ ገመድ የዩኤስቢ ጆይስቲክ ሲገዙ የመስቀል ቅርጽ ያለውን ቁልፍ በአውራ ጣትዎ ወደ ቀኝ ተጭነው ይያዙትና ቀስ ብለው ያወዛውዙት፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚዘልል ከሆነ አይውሰዱት፤ ዝላይ በሚበዛባቸው ጌሞች ላይ ልጁን ያናድደዋል። አቅም ከፈቀደ ደግሞ ከእንጨት የተሠራ የመጫወቻ ሣጥን የተሻለ ነው። እኛ በሠፈራችን አናጺ አሠርተናል። ቁልፎቹ የሚገቡበት ቀዳዳ 30 ሚሊሜትር ሲሆን፣ አናጺው ለበር ቁልፍ በሚጠቀምበት ክብ መጋዝ ስድስቱን በአንድ ከሰዓት አወጣልን። እጅ የሚያርፍበትን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱን እንዳይረሱ ያሳስቡት፤ የእኛው የመጀመሪያ ሳምንት የልጆቹን መዳፍ ልጦታል።

የጠያቂው መልስ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያገለገለውን ፓይ 3 ወሰድኩ፤ የተረፈውን ገንዘብ በቻርጀሩና በሁለት ጆይስቲክ ላይ አዋልኩት። ጋሼ፣ የቴስተሩ ምክርዎ ባይኖር ኖሮ ከስሬ ነበር፤ ፒያሳ በመጀመሪያ ያነሣሁት ገመድ የጮኸው ሥሩ ላይ ነው። አራተኛውን ስሞክር ሦስተኛው ክፍል ላይ ጮኸ፣ ምስሉም በቀዩ መሰኪያ ወጣ። በኤንቲኤስሲ ቀለሙ ሙሉ ሆኖ መጥቷል። ባለፈው እሑድ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶብን ካርዱ ምንም አልሆነም፤ ቅጂው ግን በጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል።

የቀረኝ ሣጥኑ ነው። የሐይቋ እህታችን ከተመቻት፣ በሁለቱ ተጫዋቾች ቁልፎች መካከል ስንት ሴንቲሜትር እንደተዉ ብትነግረኝ ለአናጺው ይዤለት እሄዳለሁ፤ የታናሹ ወንድሜ ክርን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።